ጥጋቡ የሚባለው ኮምፒውተር

ካርቱም ውስጥ ጥጋቡ የሚባል አንድ ኮምፒውተር አለ። ስሙ የኔ ነው። እኔ ደግሞ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ «ተሸካሚ፣ አንድ» ነኝ። ሳቁ እንጂ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ አበባ አራስ ናት፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ብቻዋን ተኝታለች። ባሏ በጦርነቱ ወጥቶ ቀረ፤ ከኔ ሌላ ሰው የላትም። እኔ ያለሁት እዚያው ከተማ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ የሙሀንዲስ ሰላሕዲንን ቤት እየጠበቅሁ ነው። በእግር ሁለት ሰዓት አይፈጅም። መሀል ላይ ግን ሦስት ኬላ አለ፤ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም፤ ወረቀት የሌለውን ሀበሻ ደግሞ አፍሰው መኪና ላይ ይጭኑታል፣ ከሻ የምንለው ነው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በስልክ «ዛሬ እመጣለሁ» እያልኩ ዋሸኋት። በመጨረሻ «ተወው፣ ጥጋቡ» አለችኝ። ይቺ «ተወው» አንጀቴን በላችው።

ሙሀንዲሱ ሰባ አልፏቸዋል። በጎልማሳነታቸው ፈረንጅ አገር አንድ የኮምፒውተር ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ፋብሪካው ለየቤቱ የሚሆን፣ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር አሰበና ለሙከራ አምስት ብቻ ሠርቶ፣ ገበያ ሳያየው ተዘጋ። አራተኛውን እሳቸው ይዘው አገራቸው ገቡ። በጦርነቱ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ በሩ ሳይቀር ሲዘረፍ ይህንን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ሲዲው እንዳሁኑ ባዶውን አይገባም፤ መጀመሪያ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይከተታል፣ ከዚያ ከነሣጥኑ ይጎረሳል። «ያለ ሣጥኑ አይነበብም» ይሉኛል በየቀኑ። «ገባኝ ባሽሙሀንዲስ፣ ኢቃማው ነው» እላቸዋለሁ።

አንድ ጠዋት «ኡበይ ዘንድ ውሰድልኝ» አሉ። ኡበይ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ከመሞታቸው በፊት አንዴ ሲያነብ ሊያዩት ይፈልጋሉ። የኡበይ ሱቅ ካርቱም ሁለት ነው ሲሉኝ ልቤ ዘለለ።

ዘረፋ ከበዛ ወዲህ ፍራሽ እንኳ ያለ ፈቃድ ከሰፈር ሰፈር አይሻገርም። ስለዚህ መንገዳችን ጫፍ ላይ ወዳለው የፈቃድ ቢሮ አብረን ሄድን።

ጸሐፊው ቀና ሳይል «ስም?» አለ።

«ጥጋቡ» አልኩ።

ጻፈ። «የተሠራበት ዓመት?»

ለካ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ኖሯል። «ቆይ፣ እኔ እኮ የራሴን ስም ነው የነገርኩህ፤ ሰርዘው» ስለው ገላመጠኝ። ሥርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ኬላ ላይ አይሠራም፤ አዲስ ቅጽ ደግሞ ኢንሻላህ ለወሩ ነው። ሙሀንዲሱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና ቀጠሉ። የተሠራው በ1991፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ቁጥሩ አራት፤ የተሠራበት ከተማ እገሌ፤ ሲሠራ የነበረ ምስክር ራሳቸው። እኔ ለኢቃማ አራት ዓመት ለፍቼ ያላሟላሁትን ኮምፒውተሩ በአሥር ደቂቃ አሟላ። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ጸሐፊው አብረው የሚሄዱትን ዘረዘረ፤ ኬብል ሁለት፣ የሲዲ ሣጥን አንድ። ወደኔ አየና ጨመረ፤ ተሸካሚ አንድ። ለመሄጃም ለመመለሻም እንዲሆን ማኅተሙን አሳረፈበት።

የመጀመሪያው ኬላ ላይ ወታደሩ ወረቀቱን አንብቦ «ጥጋቡ የቱ ነው?» አለ።

«እኔ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ምላሴን ነክሼ ጭንቅላቴ ላይ ያለውን አሳየሁት።

«አንተስ?»

«ተሸካሚው።»

ቆጠረን። ኬብል፣ ሣጥን፣ ተሸካሚ። «ተሟልቷል፣ ያላ» አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይማ ወታደሩ «ጥጋቡን ቀስ፣ እንዳትጥለው» ብሎ መከረኝ። ለኔ እንዲህ ያሰበ ወታደር አይቼ አላውቅም።

ኡበይ ሁሉንም ቆጥሮ ተረከበና ፈረመ። «በል ደህና ዋል፣ እህቴ ዘንድ ልሂድ» ስለው በሩ ላይ ቆመብኝ።

«የት? ፈርሜብሃለሁ እኮ። አንድ ዕቃ ጎደለ ቢሉ ዘራፊው እኔ ነኝ።»

«እኔ ዕቃ ነኝ?»

ወረቀቱን አሳየኝ። አራተኛው ተራ ላይ ነኝ።

ደሜ ፈላ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ መልሼ ተቆጣሁ። «አራስ ናት፤ ውሃ የሚያቀብላት የለም» ስለው ግን የሱቁን ቁልፍ አነሳ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው እንጂ። «እንግዲያው ሁሉም አብሮ ይሂድ» አለ። እኔ ኮምፒውተሩን፣ እሱ ኬብሉንና ሣጥኑን ተሸክመን ሱቁን ዘግተን ወጣን።

አበባ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ በሩን ከፈተች። ከስታለች። እኔን አየች፣ ከዚያ ጭንቅላቴ ላይ ያለውን።

«ምንድነው እሱ?»

«ጥጋቡ ይባላል» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ። እኔም አልቻልኩም። ኮምፒውተሩን አውርጄ ሕፃኑን ተቀበልኳትና እንዴት እንደመጣሁ አንድ በአንድ ነገርኳት። ኡበይ በሩ ላይ ቆሞ ኬብሎቹን እንደገና ይቆጥራል።

አበባ ዐረብኛ ማንበብ ከኔ ትበልጣለች። ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። አሁን ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ቀና ብላ ኡበይን አየችው።

«ከማኅተሙ በላይ ሁለት መስመር ባዶ አለ» አለችው። «ለኔና ለሕፃኑ ይበቃል። ብዕር ይዘሃል?»