ሁለት ዝናብ እስኪዘንብ

ትልቁ ሐይቅ ወደ ምድር በሚገባበት በሳጊናው ባሕረ ሰላጤ ዳር ባሉት የሚሺጋን ከተሞች የበረዶው ወራት ሲገባ ለእንግዳ ሰው የማይገባ ነገር ይታያል። ወደ ሥራ፣ ወደ ሐኪም፣ ወደ ገበያ የምታመላልሰው ምስኪን መኪና ደጅ ቆማ በረዶ ሲወርድባት ታድራለች። የትም የማትሄደው መኪና ግን ጋራዥ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሳ ትተኛለች። ባለቤቶቹ በየማለዳው እጃቸው በብርድ እየደነዘዘ የደጇን መኪና በረዶ ይፍቃሉ፤ ፍቀው ሲጨርሱ ደግሞ ገብተው ሁለተኛዋን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላሉ። ይህ እብደት ነው የሚል ሰው እዚያ አገር ብዙ ወዳጅ አያፈራም።

ዌንደል ሶቤክ ከእብዶቹ ሁሉ የባሰው ነበር። ዕድሜውን መኪና ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ጓደኞቹ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሲገዙ እሱ ሰማያዊ የስልሳ ሁለት ሞዴል ፎርድ መኪና ገዛ፤ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ወንበሯ ነጭ ቆዳ። የገዛት ዕለት ሚስቱን ኢርማን ጎኑ አስቀመጠና «ጣሪያውን ከፍተን በሐይቁ ዳር መንገድ ይዤሽ እሄዳለሁ፤ እስከ ጫፉ!» አላት። ኢርማ አመነችው። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።

አንዱን ዓመት ዳመና ነው ተባለ፣ አንዱን ዓመት የመንገዱ ጠጠር ቀለም ያነሳል ተባለ፣ አንዱን ዓመት ደግሞ ምክንያቱን ራሱ ዌንደልም ረሳው። አንድ ጊዜማ ከሰፈሩ መታጠፊያ ሳይደርሱ አንዲት ጠብታ የፊት መስታወቱ ላይ ጠብ ብትል፣ ሰውዬው እንደሚያባርሩት ሌባ ተፈትልኮ ቤቱ ገባ። መኪናዋ በዓመት ሁለቴ ለኤግዚቢሽን ትወጣለች። ሜዳ ላይ ቆማ ሰው ሲያደንቃት ይውላል፣ ከዚያ ተመልሳ ትተኛለች።

ኢንሹራንሷም አብሯት ይተኛል። ኖቬምበር ሲገባ ዌንደል ለኢንሹራንስ ወኪሏ ለጆዲ ይደውልና «አስተኚልኝ» ይላታል። ከዚያ ወዲያ ኢንሹራንሱ የሚሠራው መኪናዋ ቤት ውስጥ እስካለች ብቻ ነው። ጋራዡ ቢቃጠል ይከፍላል። ሌባ ቢሰርቃት፣ ጣሪያ ቢደረመስባት፣ አይጥ ገብቶ ሽቦዋን ቢበላ እንኳ ይከፍላል። ጎማዋ ከጋራዡ ደፍ ካለፈ ግን አምስት ሳንቲም የለም። «ቀስቅሺያት» የሚባለው ሜይ ሲገባ ነው፤ ያውም ሁለት ደህና ዝናብ ዘንቦ፣ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የተበተነው ጨው ጥርግ ብሎ ከሄደ። ጨው ብረት ይበላል። ይህንን እዚያ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ኢርማ መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። «እኔም ብርድ ልብስ ለብሼ ጋራዥ ብተኛ ኖሮ ባሌ ይወለውለኝ ነበር» ትላለች ለሴቶቹ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ። ዘንድሮ ግን ሳቁ አልመጣላትም።

ፌብሩዋሪ ላይ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ሆና፣ ለዌንደል ገበያ ነው ብላ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ሐኪሙ ዓይኗን መርምሮ ሲጨርስ ወንበሩን አስጠጋ። «የግራ ዓይንዎ መሐሉ ጠፍቷል፤ ቀኙም ጀምሮታል» አላት። «ዳር ዳሩ ይቀራል። ፈጽሞ አይጨልምብዎትም። መርፌ አለ፤ ብዙ ሰው ላይ በሽታውን ባለበት ያቆመዋል። የእርስዎን ያቁመው አያቁመው ግን ሳንጀምር ማወቅ አንችልም።» ኢርማ ቀጠሮ ይዛ ወጣች፤ ቤቷ ስትደርስም ድንች ልጣ እራት ሠራች። ለባሏ ትንፍሽ አላለችም።

መደበቋ ጭካኔ አልነበረም። ዌንደልን ታውቀዋለች። የሚወደውን ነገር ምን እንደሚያደርገው ለአሥራ ሁለት ዓመት አይታለች። የሰማ ዕለት እሷንም ጠቅልሎ ቤት ያስቀምጣታል፤ ደረጃ አትውጪ፣ ደጅ አትውጪ፣ ነፋስ አይንካሽ ይላታል። እሷ ደግሞ የምትፈልገው መውጣት ነበር። ያንን ሐይቅ፣ በዚያች በሰማያዊዋ መኪና ሆና፣ ዓይኗ ገና የእሷ ሳለ ማየት ፈለገች። ሜይ እስኪደርስ ቀኙ ዓይን ይጠብቃታል? አታውቅም። አንዳንድ ጠዋት ይህን ስታስብ ቧንቧውን ከፍታ ሰሃን የምታጥብ መስላ ታለቅሳለች።

በዚያ ሰሞን የደጇን መኪና በረዶ ፍቃ ስትገባ ዌንደል በመስኮት አይቶ ሳቀባት። «አንቺ ሴት፣ የመስታወቱን ዳር ዳር አጽድተሽ መሐሉን ተውሽው እኮ! በምን አይቼ ነው የምነዳው፣ በአፍንጫዬ?»

«ደከመኝ» አለችና ነገሩን አለፈችው።

ማርች አጋማሽ ላይ ሰማዩ ሳይታሰብ ጥርት አለ። በረዶው ከየጣሪያው እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ሰው ኮቱን አውልቆ ደጅ ወጣ። ዌንደል የጋራዡን በር ከፍቶ ቆመ። ወዲያው ጎረቤቱ ኤልሮይ መጣ፤ እሱም ቀይ ሙስታንግ መኪናውን አስተኝቷል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነገር ዓለሙን ትተው መንገዱን ይመለከቱ ጀመር። ከዚያ ኤልሮይ ጉልበቱ እየተንቋቋ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ፣ ጣቱን በምራቁ አራሰ፣ መንገዱን ጠረገበትና ላሰው። አትሳቁ፤ እዚያ ሰፈር የጨው ምርመራ የሚካሄደው እንዲህ ነው።

«እህስ?» አለ ዌንደል።

«ሾርባ ነው። ድንች ብቻ ነው የጎደለው።»

«አላልኩህም? ገና ነው።»

«ኧረ የአማቴ ሾርባ እንኳ ይህን ያህል ጨው የለውም!» ኤልሮይ እንትፍ እንትፍ እያለ ተነሳ።

ኢርማ ኮቷን ደርባ ወጣች። «ዌንደል፣ እንሂድ» አለችው።

«ወዴት?»

«ወደ ሐይቁ። በሰማያዊዋ።»

ዌንደል የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። «ኢንሹራንሷ ተኝቷል እኮ። አሁን አንዱ ልቡን የነሳው ጎረምሳ መጥቶ ቢላተመን ማን ይከፍለናል?»

«ቀስቅሰዋ።»

«ጨዉስ? ኤልሮይ ቀምሶታል፣ ጠይቂው! ሜይ ላይ እንሄዳለን።»

«አምናም ሜይ ብለኸኝ ነበር።»

«አምና ሜይ ላይ በረዶ ጣለ! እኔ ነኝ የጣልኩት? ነይ እስቲ፣ አንቺው እዪው።» ክንዷን ይዞ ወደ አስፋልቱ ወሰዳት። «ይኸው፣ ነጭ ሆኗል። እግርሽ ሥር ነው። ታየሽ?»

«አይታየኝም።»

«እንዴት አይታይሽም? ይኸው ነው እኮ!»

«አይታየኝም አልኩህ!» ድምጿ ከፍ ሲል ራሷም ደነገጠች። «አንተም አትታየኝም፣ ዌንደል። ፊትህን ሳይ መሐሉ የለም። ጆሮህና ቆብህ ብቻ ነው ያለው።»

ኤልሮይ ክው አለ። በሕይወቱ እንቁላል ጠብሶ የማያውቀው ሰውዬ «ምድጃ ላይ የጣድኩት ነገር አለ» ብሎ እየሮጠ ሊባል በሚችል ፍጥነት ወደ ቤቱ ሄደ።

ኢርማ ሁሉንም ነገረችው። ሐኪሙ ያለውን፣ መርፌውን፣ ቀጠሮው ማክሰኞ መሆኑን። ዌንደል የጋራዡ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማት። ቆቡን አውልቆ እጁ ውስጥ ያዟዙራል።

«ያንን ሁሉ ጊዜ…» አለ በመጨረሻ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳታስተኛኝ ብዬ ነዋ።»

ዌንደል ይህን ሲሰማ ተነሳ። ጋራዡ ውስጥ ገባ።

ኢርማ ደጅ ቀረች። ተናደደች። እንግዲህ ያችን ጨርቅ አንስቶ ሊወለውል ነው፣ ሲከፋው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ እኔ ዓይኔ ጠፋ ስለው እሱ መኪና ይወለውላል! ብላ ፊቷን ወደ ቤት ስታዞር የስልክ ጥሪ ሰማች። ዌንደል ጆሮው ስለማይረዳው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎታል።

«አቶ ዌንደል!» አለች ጆዲ። «በሰላም ነው? ጋራዡ ተቃጠለ እንዴ?»

«አልተቃጠለም። ቀስቅሺያት፣ ልጄ።»

«ማንን?»

«ማንን ትላለች እንዴ! መኪናዋን ነዋ።»

«ገና ማርች እኮ ነው። ዘንቦላችኋል?»

«አልዘነበም።»

«ሁለቱም ዝናብ?»

«አንዱም።»

«አቶ ዌንደል፣ ባለቤትዎ አጠገብዎ አሉ? እርስዎስ ጤናዎ ደህና ነው?»

«እኔ ደህና ነኝ» አለ፤ ድምፁ ግን ደህና አልነበረም። «ሚስቴን ሐይቁን ላሳያት ነው። ቃል ገብቼላት ነበር። ዛሬ ነው የምንሄደው፤ ነገ አይደለም፣ ሜይ አይደለም። ምን ምን መጠየቅ አለብሽ? ጠይቂኝና ጨርሺልኝ።»

የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማ። ከዚያ ጆዲ ቀስ ብላ «ጨርሻለሁ፤ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ኢንሹራንሱ መንገድ ላይም ይሠራል» አለች። «ለእትዬ ኢርማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።»

ኢርማ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ንዴቷ ወዴት እንደሄደ አላወቀችውም።

ተኝታ የከረመች መኪና ግን በስልክ ብቻ አትነሳም። ጎማዋ መሬት እንዳይነካ በአራት የብረት መቆሚያ ላይ ተሰቅላለች፣ ባትሪዋ ወጥቶ ምድር ቤት ተቀምጧል፣ ቢሞክሩት ሞቷል። ዌንደል ሲራገም ኤልሮይ የገዛ ሙስታንጉን ባትሪ እንደ ሕፃን ታቅፎ ከች አለ። «ምድጃው ተረሳ እንዴ?» አለችው ኢርማ። «ሊያር ሲል ደረስኩለት» አላትና አንገቱን ደፍቶ ሞተሩ ውስጥ ገባ። ሲወዛገቡ ከሰዓት ሆነ። በመጨረሻ ዌንደል ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አቃሰተች፣ ሳለች፣ ከዚያ ፓ! የሚል ድምፅ ሰፈሩን አናወጠው። አይጥ እንዳይገባ ጭስ ማውጫዋ ውስጥ የጠቀጠቀውን የድስት መፈተጊያ የብረት ሱፍ ረስቶታል። ተወርውሮ የኤልሮይን የፖስታ ሳጥን መታው።

«ይህንን ኢንሹራንስህ ይከፍላል?» አለ ኤልሮይ።

«ከጋራዡ ሳትወጣ ነው የተኮሰችው፤ ይከፍላል» አለ ዌንደል። ሦስቱም ሳቁ። ኢርማ ከፌብሩዋሪ ወዲህ ከልቧ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጣሪያውን ከፍተው፣ ኮትና ጓንት ለብሰው፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው አብርተው ወጡ። ከከተማው እንደራቁ መንገዱ ወደ ውኃው ተጠጋ። ነፋሱ የኢርማን ጉንጭ ያቃጥላል፤ ወደደችው። ዌንደል መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይነዳል። አንድ ዝቅ ያለ ቦታ ሲደርሱ ከእርሻው የወረደ የቀለጠ በረዶ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ነበር፤ ቡናማ፣ ጨው የጠገበ ውኃ። መኪናዋ ዝግ አለች። ኢርማ ያንን የዌንደልን እግር ታውቀዋለች። ፍሬን ላይ ወጥቷል። አሁን ያዞራታል፣ አለች በልቧ፣ ደግሞ ሜይ ልንል ነው። ልትለምነው ቃጣትና ተወችው፤ በዚያ ውኃ ላይ ራሱ እንዲወስን ፈለገች።

ሞተሩ ባለበት ያንጎራጉራል። ዌንደል ውኃውን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«ጨው ይብላት» አለ።

ነዳጁን ረገጠው። ውኃው በግራና በቀኝ ተረጨ፣ በሩን አለበሰው፣ ጥቂቱም ዘሎ ነጩ ወንበር ላይ አረፈ። ዌንደል እንደታመመ ሰው «ኡፍ» አለ፤ ግን አልቆመም።

መንገዱ ጫፍ ላይ ደርሰው ሐይቁን ፊት ለፊት አድርገው ቆሙ። በረዶው ከዳር መሰባበር ጀምሯል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ውኃ እስከ ሰማይ ድረስ ሰማያዊ ነው፣ ጀምበሯም እያዘቀዘቀች ነበር። ኢርማ አየችው። የዓይኗን መሐል የጋረደው ግራጫ ጥላ እዚህም አልተዋትም፤ መሐል ላይ ተቀምጧል። ሐይቁ ግን ሰፊ ነው። በዚህም በዚያም ተርፎ ፈሰሰ።

«ይታይሻል?» አለ ዌንደል። ፈርቶ ነበር የጠየቃት።

«ይታየኛል። ዌንደል፣ እንዴት ያምራል!»

«ማክሰኞ መርፌው ጋ የምወስድሽ እኔ ነኝ።»

«በዚችው?»

«ሐኪም ቤት መመላለሻማ አይፈቀድም፤ ኢንሹራንሱ ለሽርሽር ብቻ ነው ይላል» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ሽርሽሩ ግን በየሳምንቱ ነው። መርፌው ሠራም አልሠራም። ዝናብም ይዝነብ።»

ኢርማ መልስ ልትሰጠው ፈለገች፣ ግን አንድ ነገር አቋረጣት። ዓይኗን ውኃው ላይ እንደተከለች፣ በዓይኗ ዳር በኩል፣ ዌንደል ነበር። ሙሉውን። አፍንጫው፣ በደንብ ያልተላጨው አገጩ፣ በብርዱ ይሁን በሌላ የረጠበው ጉንጩ። ቀጥ ብላ ስታየው ስንት ሳምንት የጠፋባት ፊት፣ ዞር ስትልለት እዚያው ቆይቶ ጠበቃት።

«አየሁህ» አለችው።

ዌንደል ወደ ሐይቁ ተመለከተ፣ ወደ እሷ ተመለከተ። «እኔ እዚህ ነኝ እኮ፤ ወዴት እያየሽ ነው?»

«አንተን ነው የማየው» አለች ኢርማ፣ ዓይኗን ከውኃው ሳትነቅል። «እዛው ሁን፣ እንዳትንቀሳቀስ።»