ለከርሞ የተባለ ይቅርታ

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በዓመት አንድ ቀን ሱፍ ይለብሳል። ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል። ወጣት ሳለ ቶሎ ይቃጠል ስለነበር የወጣለት ስም ነው። አሁን ሰው ቢሰድበውም ቀና ብሎ አያይም፤ ስሙ ብቻ ቀረ። ሱፉም ያው አንድ ነው፤ ከቁም ሣጥን በወጣ ቁጥር ሆዱ ላይ እየጠበበ ትከሻው ላይ እየሰፋ መጥቷል። የዚያን ቀን ሥራ አይቀበልም። ስጦታውን አቅፎ እህቱ ቤት ይሄዳል፣ ቆሞ ይጠብቃል፣ «ለከርሞ» ተብሎ ይመለሳል።

ነገሩ የመጣው ከአንዲት ሽቦ ነው። እህቱና ባሏ ከመኖሪያቸው ፊት ባለችው ክፍል ልብስ ማጠቢያ ቤት ከፍተው ነበር። ማሽኑን የገጠመላቸው እሱ ነው። ሁለቱን ሽቦዎች አሰረ። ሦስተኛዋ፣ የመሬት ሽቦ የሚሏት፣ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ ሰውን ትቶ ወደ መሬት እንዲወርድ የምታደርገው፣ አጠረችበት። «ነገ ጨምሬ እመጣለሁ፤ እስከዚያ እንዳትነኩት» ማለት ነበረበት። ያለው ግን «ነገ ጨምሬ እመጣለሁ» ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት አማቹ በእርጥብ እጁ የማሽኑን በር ያዘ፤ ሳይለቀውም ሞተ።

ከዚያ ወዲህ «ነገ» የሚል ቃል ከፊውዝ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ደንበኛ «መቼ ትጨርሳለህ?» ሲለው «ስጨርስ» ይላል።

ቤተሰቡን ከመበተን ያዳኑት ጋሽዬ ናቸው፤ የእናታቸው ወንድም፣ ሰባኪው። ያኔ እህትየው የወንድሟን ፊት ማየት አልቻለችም፤ እሱም ዓይኑን ከመሬት ማንሣት አልቻለም። ጋሽዬ ሥርዓት አበጁ። «ቁስል አትነካኩ፤ አትደዋወሉ። የሞተበት ቀን በመጣ ቁጥር አንተ ካሣህን ይዘህ ትመጣለህ፣ እሷ ውስጥ ትሆናለች፣ እኔ መሐል እቆማለሁ» አሉ። በዚሁ ጸና። እሱ ሱቋ ውስጥ ይቆማል፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ትቀመጣለች። ጋሽዬ ስጦታውን ተቀብለው ይገባሉ፣ ውስጥ በሹክሹክታ ጥቂት ያወራሉ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ይወጣሉ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ጆሮው ይጠጋሉ።

«ልቧ ገና ነው፣ ልጄ። ለከርሞ።»

እኚሁ ጋሽዬ ጉባኤ ላይ ስማቸው የሚነሣው በአንድ ትምህርት ነው። ፊውዝ በስልኩ ቀድቶት መሰላል ላይ ሆኖ ይሰማዋል፤ በቃሉ ይዞታል። «የድሮውን መቅደስ ዕቃ ጥሩልኝ» ይላሉ። «መቅረዝ አለ፣ ገበታ አለ፣ መሠዊያ አለ። ወንበር ግን የለም። ለምን? ካህኑ አይቀመጥማ! የዘንድሮውን መሥዋዕት ለከርሞ ይደግመዋል፤ ኃጢአትን ያስታውሳል እንጂ አይሽረውም። ሊቀ ካህናችን ክርስቶስ ግን የሌላ ደም ይዞ አልገባም፤ የራሱን ይዞ አንድ ጊዜ ገባ። ከዚያስ ምን አደረገ?» እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ምእመኑም ትንፋሹን ይውጣል። «ተቀመጠ። ሥራው አለቀ። አዲስ ኪዳን ማለት ይኼ ነው፤ በደላችሁን ዳግመኛ አላስብም የሚል አምላክ አላችሁ።»

ፊውዝ ይህን ሲሰማ ሁልጊዜ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ያምናልም። እግዚአብሔር ይቅር እንዳለው አይጠራጠርም፤ ያላለችው እህቱ ናት፤ እግዚአብሔርን ደግሞ ሱቋ ውስጥ ቆሞ አይጠብቀውም።

ዘንድሮ ጋሽዬ ጉልበታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። «እስክድን ይቆይ፤ ያለ እኔ እንዳትሄድ» ብለው ደወሉ። ፊውዝ እሺ አለ። ቀኑ ሲደርስ ግን እግሩ አልቀርም አለው። ሱፉን ለበሰ፣ የገዛውን የግድግዳ ሰዓት አቀፈ፣ ሄደ።

ሱቋ እንደወትሮው ነበረች። ማሽን ከዚያ ወዲህ አልገባባትም፤ ትልልቅ ሳፋዎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፣ ከጣሪያው ሥር ገመድ ተወጥሮ የሰው ሸሚዝ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ተሰቅሏል። ከሸሚዞቹ መሐል ብቅ ያለችው የእህቱ ልጅ ናት። ሕግ ትማራለች፤ ቤተሰቡ «ጠበቃዋ» ይላታል፣ ሳትማርም እንዲሁ ነበረች።

«ጋሽዬ የሉም?»

«ጉልበታቸው።»

«ታዲያ ዛሬ ማን ሊያመላልስ ነው?»

«አንቺ። ዕቃውን አስገቢና የምትለውን ንገሪኝ። እኔ አልገባም፤ እዚሁ ነኝ።»

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አየችው፤ ወደ መጋረጃው ገልመጥ ብላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ፣ ዛሬ እንኳን ከተገናኘን ልጠይቅህ። በየዓመቱ እማዬን ለምን ታደማታለህ?»

«እኔ?»

«ማን ታዲያ? አንተ በመጣህ ቁጥር ሳምንት አትበላም።»

«ይቅር እስክትለኝ ነዋ የምመጣው።»

«ይቅር ብላህ የለ እንዴ!»

«መቼ?» አለ ፊውዝ።

«በመጀመሪያው ዓመት» አለች ጠበቃዋ። አሁን ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው፤ የሆነ ነገር እንዳልተጣጣመ ገብቷታል። «ልጅ ብሆንም እዚያው ነበርኩ። ጋሽዬን፣ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አልቋል፣ ካሣ የሚባል ነገር አልፈልግም፣ እንደ ሰው ገብቶ ይቀመጥ ይበሉት አለቻቸው። ወጥተው ተመለሱና፣ አልገባም አለ፣ ስጦታውን ካልተቀበለች አልተኛም አለ አሉን። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ኩራተኛ ነው እንልሃለን።»

ኤሌክትሪክ ሰውን ሲይዘው ወርውሮ ይጥለዋል የሚሉት አልተያዙም። ብዙ ጊዜ ያጣብቃል እንጂ አይጥልም፤ እጅ ልልቀቅ ቢል አይለቅም። የፊውዝ ጣቶች ሰዓቱ ላይ እንደዚያ ተጣበቁ። ጠበቃዋ «አጎቴ፣ ተቀመጥ» ስትለው ከንፈሯን ያያል፣ ድምፅዋን ግን አይሰማም። ዘወር ብሎ ወጣ።

ጋሽዬ ቤት እንዴት እንደደረሰ አያውቀውም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አልጋ ላይ ናቸው፤ እግራቸው በትራስ ከፍ ብሏል። ሱፉን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«አትሂድ አላልኩህም?»

«ይቅር ብላኛለች ወይ?»

«ማን ነገረህ?»

ሌላ መልስ አላስፈለገውም። ሰው የሌለን ነገር ማን ነገረህ አይልም።

«እስቲ ተረጋጋ» አሉ ጋሽዬ። «አፈሩ ሳይደርቅ ነው እኮ ይቅር አልኩ ያለችው። ሰው በአንድ ዓመት እንዲህ ያለውን ይቅር ይላል? ሐዘን ያናገራት መስሎኝ፣ ለከርሞ ትጽና ብዬ አቆየሁት። ለከርሞም ያንኑ አለች። ያኔ ደግሞ አንተን አየሁህ። መጠጡን ትተሃል፣ ሥራህን ሁለት ሦስቴ ሳትፈትሽ አትወጣም፣ ሰው ሆነሃል። ብነግረው ያን ሁሉ ይለቀዋል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወዲያማ…» እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አንከባለሉ። «ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

«እሷንስ እንቢ አለ ያሏት ለምንድን ነው?»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«ጉባኤው ላይ የሚያስተምሩትስ?»

«እሱ የክርስቶስ ነገር ነው፤ እኔ ሰው ነኝ» አሉ ጋሽዬ፣ ከልባቸው። «ሰው ሰውን እንዲያ በነፃ እየለቀቀ ቢኖር ዓለም ምን ይሆናል?»

«ታዲያ እሱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ምን አቆመህ?»

አንተ ማለቱን የሰማው ካለ በኋላ ነው። በዕድሜው ጋሽዬን አንተ ብሎ አያውቅም። ሁለቱም በቃሉ ደነገጡ።  ፊውዝ ሊጮህ ፈልጎ ነበር፤ በትራስ ላይ የተሰቀለች ቀጭን እግር አይቶ ተወው። ሰዓቱን አልጋው ጫፍ ላይ አኖረላቸው።

«ይኼ የእርስዎ ነው» አለ። «ዓመቱን ሲቆጥሩልን የኖሩት እርስዎ ነዎት።»

ሱቋ ሲመለስ ጠበቃዋ መጋረጃውን ጠቅልላ በልብስ ማስጫ ገመድ አስራዋለች። እናቷ ከወዲያ ቆማለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው። ጠጉሯ ሸብቷል። ፊውዝ በልቡ ይዟት የኖረው የቀብሩን ዕለት መልኳን ነበር፤ ሌላ ሴት ቆማ የጠበቀችው መሰለው።

«እታለም» አለ።

«ልጅቷ ነገረችኝ።» ድምፅዋ ሻክሯል። «እውነት አልሰማህም?»

«አልሰማሁም።»

«አንድም ቀን?»

«ለከርሞ ነው ያሉኝ። ሁልጊዜ ለከርሞ።»

እህትየው ግድግዳውን ያዘች። ሳሙናው ክንዷን ይዞ ወረደ፣ አልጠረገችውም። «እኔ ደግሞ ልትገዛኝ የምትፈልግ መስሎኝ» አለች። «ይቅርታዬን በነፃ መውሰድ የናቅከው መስሎኝ። እግዚኦ! ይኼን መጋረጃ እኮ በጥሼ ብወጣ የሚያግደኝ አልነበረም። እኔም ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው።»

ጓዳውን ያየው ያኔ ነው። የሰው መኖሪያ አይመስልም፣ መጋዘን ነው። ያመጣው ሁሉ እዚያ አለ። አልጋ ልብሱ ከነላስቲኩ፣ ድስቶቹ ከነካርቶናቸው፣ ካውያው፣ ምንጣፉ እንደተጠቀለለ። ከሁሉም በላይ ገዝፎ፣ ማሸጊያው ሳይነካ፣ በአንዱ ዓመት በሰው አሸክሞ ያመጣው የልብስ ማጠቢያ ማሽን።

«በማሽን ለሞተ ሰው ካሣ ማሽን» አለች ጠበቃዋ። «ያን ቀን እማዬ ማልቀስ አቅቷት ሳቀች።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ» አለ ፊውዝ፣ ከንፈሩ እየደረቀ፣ «ምንም አልሠራም?»

«ምን ይሠራል? ይቅርታው ከዕቃው በፊት ነበር።»

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። የተሰማው ግን የተዘረፈ ሰው ስሜት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቆሞ፣ ለፍቶ፣ ሱፍ ለብሶ፣ በመጨረሻ ከይቅርታው አንዲት ጣት የምታክል እንኳ በራሱ አልገዛም። ጭራሽ በየዓመቱ ይዞት ይገባ የነበረው የሟቹን ቀን ነው፤ እሷ በቃ ያለችውን እሱ በካርቶን እያሸገ አምጥቶ ጓዳዋ ውስጥ ቆለለው። ይኼ ከሁሉም በላይ አስደነገጠው። ጋሽዬን ሲሰማ ያነባበት የነበረው ነገር ምን እንደሆነ የገባው ገና አሁን ነው፤ ገብቶትም አላማረውም።

«ተቀመጥ» አለች እህቱ።

ዞር ዞር ብሎ አየ። ወንበሮቹ ላይ የሰው ልብስ ተቆልሏል፣ አልጋው ላይ ምንጣፉ ተጋድሟል።

«የት?»

«እዚያች ላይ ውጣ» አለች ጠበቃዋ ወደ ማሽኑ ካርቶን እያመለከተች። «ቤቱን የሞላኸው አንተ ነህ፤ ቦታ የለም ብለህ እንዳትከሰን።»

ወጥቶ ተቀመጠ። ካርቶኑ ተንቋቋ፣ ግን ያዘው። ሱፉ ከብብቱ ተቀደደ። ካርቶኑ ረጅም ነውና እግሮቹ እንደ ሕፃን እግር በአየር ላይ ተንጠለጠሉ፤ እጆቹን የት እንደሚያኖራቸው አላወቀም፣ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። እህቱ አየችውና መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ እየሣቀች ይሁን እያለቀሰች ሳይለይ ሄዳ ሳፋዋ ላይ አጎነበሰች።

«ልርዳሽ» ብሎ ሊወርድ ሲል ቀና አለች።

«ዛሬ ምንም አትነካም። ተቀመጥ ብያለሁ።»

ተቀመጠ። 

«ከዚህ በኋላ መቼ ነው የምትመጣው?» አለች ጠበቃዋ ሸሚዝ እየሰቀለች። «ለከርሞ ካልክ አሁኑኑ ይግባኝ እላለሁ።»

ፊውዝ «ስመጣ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ነገ» አለ። የገዛ ድምፁ አስደነገጠው።

«ባዶ እጅህን» አለች እህቱ፣ ዞር ሳትል።