የዴልማር ፎቶ

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሻሪስ የምትሠራው አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ አንድ ጋዜጣ ቤት ነው፤ ከዘጋቢዎቹ መሀል ጥቁር እሷ ብቻ ናት። አንድ ቀን አለቆቹ አሠልጣኝ አስመጡና «ስለ ጥቁሮች እንዴት መጻፍ እንዳለብን እንማራለን» ብለው ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰቡ። አሠልጣኟ ገና ስትጀምር አለቃዋ ኪርክ በጣቱ ጠቀሳት።

«ሰሜን፣ ጥቁሮቹ ሰፈር፣ አንድ ልጅ በጥይት ተመቶ ሞቷል። እናትየውን አነጋግሪልኝ።»

«ሥልጠና ላይ ነኝ እኮ። ፊል ይሂድ» አለችው፤ ፊል ነጭ ባልደረባዋ ነው።

«ለፊል ማን በር ይከፍትለታል? ደግሞ ሥልጠናው ላንቺ ምን ያደርግልሻል፣ ታውቂው የለ።»

ስለ እሷ ሊማሩ እሷን አስወጧት። እንግዲህ ምን ይባላል?

ሄደች። እማማ ኦዴሳ ጎረቤት ያመጣላቸውን ዶሮ ጥብስ ሳይነኩ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ዴልማር አውቶቡስ ሲጠብቅ በሰው ጠብ መሀል ነው የሞተው።

«የኔ ልጅ፣ የእኛ ልጆች ሲገደሉም የምታወጡት ፖሊስ ያነሳቸውን ፎቶ ነው» አሏት። «የኔንም አንዴ መንጃ ፈቃዱ አልፎበት ተይዞ ፖሊስ ፎቶ አንስቶታል። አደራሽን፣ ይሄን አውጪልኝ።»

የሰጧት ፎቶ ላይ ዴልማር እንደ ቤተክርስቲያኑ አስተናጋጆች ነጭ ጓንት አድርጎ በር ላይ ምእመን ይቀበላል።

«አወጣዋለሁ እማማ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።»

ስትመለስ ሥልጠናው አልቆ ኬክ እየበሉ ነው። ኪርክ ኮምፒውተር ላይ ግን ዴልማር ፖሊስ ጣቢያ ተነስቶ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ይታያል። ከሥሩ ዘጋቢ ተብሎ የእሷ ስም ተጽፏል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከፖሊስ ነዋ። ሁሌ ከዚያ አይደል የምንወስደው?»

«የተገደለው እኮ እሱ ነው። እናቱ የሰጡኝ ፎቶ ይኸው።»

«ሻሪስ፣ ገጹ ወደ ማተሚያ ሊሄድ ነው፣ አታስቸግሪኝ።»

«እንግዲያው ስሜን አንሳው።»

ጋዜጠኛ ጽሑፉ ላይ ስሙ እንዳይወጣ ከከለከለ አለቃው ላይ ወሬ ይነሳል። ኪርክ ፊቱ ቀላ።

«ዛሬ? በሥልጠናው ቀን? ሰው ምን ይላል?»

«ምን ተማራችሁ ይላላ።»

ፊል ኬኩን እንደጎረሰ ቀረ። ኪርክ ፎቶውን ቀየረ።

ዴልማር በነጭ ጓንቱ ወጣ። ሻሪስ ግን ውስጧ እንደነደደ ነው። ሰውየው የፈራው ለገዛ ስሙ እንጂ እናትየው ትዝም አላሉትም። እሷ በሌለችበት ቀንስ ለሟች ማን ይከራከርለታል?

እባካችሁ፣ ጋዜጣ ላይ የሟች ፎቶ ስታዩ ደውሉና «ይሄን ፎቶ ማን ሰጣችሁ? እናቱን ጠየቃችሁ?» በሉልኝ።