የማያመነታው ስልክ

ባልና ሚስቱ ሁለቱም ዓይነ ስውር ነበሩ። ስልኮቻቸው ግን የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ናቸውና ቤቱ ከክርክር አርፎ አያውቅም፤ የፍቅር ጠብ መሆኑ ነው። በሁለቱም ላይ ያው አንድ አፕ ተጭኗል፤ ካሜራውን ጽሑፍ ላይ ሲደግኑት ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። የመብራት ደረሰኝ ይሁን የብስኩት ካርቶን፣ እኩል ይደግኑና ይወዳደራሉ። ሁሌም ባል ይቀድማል።

“ያንቺ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ የኔ ጨረሰ!”

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ትለዋለች።

የሷ ስልክ ነገር ሲጠፋው “ጽሑፉ ግልጽ አይደለም” ይላል። የሱ እንዲህ ብሎ አያውቅም። አንዴ የልብስ ሳሙናውን “የዱቄት ወተት” ብሎት፣ አሽትተው ሲደርሱበት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መደንገጥ ሲገባቸው ሳቁ! ባልየው የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሳያዘገይ ሲመልስ የኖረ ሰው፣ የሚያመነታ ድምፅ አይወድም።

ከዚያ ሚስቱ ልቧን ታመመች። በጠብታ የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘላት። ፋርማሲስቱ ወረፋ በዝቶበት፣ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ጫር አድርጎ “እዚያው ላይ አለልህ” ብሎ ባልየውን ሸኘው።

ቤት እንደገባ መጀመሪያ የሷን ስልክ ደገነ። “ጽሑፉ ግልጽ አይደለም” አለው። ጠርሙሱን ቢያዞረውም ያው ነው። ሚስቱ አልጋው ላይ ታቃስታለች፤ አንጀቱ አልቻለም። የራሱን አወጣ።

“ሃምሳ ጠብታ” አለ ስልኩ፣ አፉን ሞልቶ።

ጠብታውን ብርጭቆ ውስጥ በጆሮው እየቆጠረ ሲያንጠባጥብ ሰማችው።

“አልበዛም? በኔ ስልክ ነው ያነበብከው?”

“አዎ፣ ባንቺው ነው። ጠጪው የኔ እመቤት።”

ክርክሩ እንዳይረዝም ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሻት። አምናው ጠጣች። ሳይመሽ ሞተች።

ጠርሙሱን በዓይኗ ያነበበችው እህቷ ናት። የተጻፈው አምስት ነበር። ከጎኑ ያረፈችውን የቀለም ነጠብጣብ ነው ስልኩ ዜሮ ያደረጋት።

ለቅሶ ከመጡት መሃል አንዱ የማዞሪያ ባልደረባው ነበር፤ እሱም ዓይነ ስውር ነው። ከጎኑ ተቀምጦ ቆየና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

“አትቀየመኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በየትኛው ስልክ ነው ያነበብከው?”

“በሷ” አለ። አፍሮ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

“ተመስገን!” አለ ባልደረባው፣ ከዚያ በራሱ ደነገጠ። “ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ክፋት አይደለም። የኔ ስልክ እንዳንተው ነው፤ ለልጄ የሳል መድኃኒት የምለካው በሱ ነው። ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።”

“እግዜር ያጽናህ” ብሎት ተነሥቶ ወጣ። በትሩ ደረጃውን እየነካ ሲወርድ ይሰማል። ባል ልጅቷን ያውቃታል፤ መሥሪያ ቤት ስትመጣ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ደዋዮቹን “ሃሎ” የምትል ናት። ቢናገር በዚህ ቤት ማንም ሁለተኛ እንደማያምነው ገብቶታል። የበትሩ ድምፅ ግን እየራቀ ነው።

ተነሣ። ወንበር እየገለበጠ፣ ግድግዳ እየዳሰሰ በሩ ጋ ደረሰና በደረጃው ቁልቁል ጮኸ።

“በኔ ነው! በኔ ስልክ ነው! የሷማ አይታየኝም ብሎኝ ነበር! ስትጠይቀኝ ዋሸኋት!”

ከታች የበትሩ ኳኳታ ቆመ። ከኋላው፣ ቤት ውስጥ፣ የሚስቱ እህት ልቅሶም ቆመ።