የቆራሌው ከረጢት

ገላው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የፓርኪንግ ሠራተኛ ሆኖ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ የተቀበረ ብረት የሚፈልግ ማሽኑን ተሸክሞ ፓርክ ለፓርክ መዞር ሆኗል ሥራው። ሳንቲም ያወጣል፤ ከሳንቲሙ ይልቅ ግን የሚበዛው ቆሻሻ ነው። ዘመድ አዝማዱ «ቆራሌው» ብለው ስም አወጡለት፤ አዲስ አበባ በየደጁ እየጮኸ አሮጌ ጣሳና ጫማ እንደሚለቅመው ሰውዬ መሆኑ ነው። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሆዱ ግን አንዷንም አልረሳም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በዚህ ስም ጠርታው የማታውቅ የእህቱ ልጅ ትህትና ብቻ ናት።

በዚያ እሑድ የትህትና እጮኛ የዓብዩ ቤተሰቦች እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ አንድ ፓርክ ውስጥ ደግሰው ጠርተዋቸው ነበር። ትህትና በእጇ ልትበላ ስትል ቀለበቷን አወለቀችና፣ እናቷ እንደምታደርገው፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከምግብ በኋላ ረሳችው። ፍርፋሪው ይርገፍ ብላ ነጠላዋን ሣሩ ላይ አራገፈች። ቋጠሮው ላልቶ ኖሮ ቀለበቱ ወደቀ። ትዝ ሲላት ሌሊት በዘነበበት ጭቃ ላይ ስንቱ ተራምዶበታል።

ቀለበቱ የዓብዩ ሟች እናት ቀለበት ነበር። እሱን ያሳደገችው አክስቱ እታለማሁ ከወንበሯ ተነሣች።

«ወርቅ ክንፍ የለው! ሸጣው ይሆናላ! ዛሬ ካልተገኘ ሠርግ የሚባል ነገር የለም።»

ዓብዩ መሬት መሬቱን አየ። ገላው ግን ማሽኑን ከመኪናው አወጣ።

«ሳንቲም ጥርት አድርጎ ይጮኻል» አለ። «ቆርኪ ይንኮሻኮሻል። ከቢራ ጣሳ ላይ የሚላቀቀው መክፈቻ ግን ድምፁ ቁርጥ የወርቅ ነው። ስለዚህ ሁሉንም መቆፈር ነው።»

በሚያመው ጉልበቱ ተንበርክኮ ቆፈረ። መክፈቻ ወጣ። ወገቡ ላይ ያንጠለጠላት ከረጢት ውስጥ ጣለው። እንደገና ቆፈረ፤ መክፈቻ። በወጣ ቁጥር እታለማሁ ስሙን ከዘመዶቹ ሰምታ «ቆራሌው! አሮጌ ጫማ አለ!» ትላለች፤ ድግስተኛው በሳቅ ይፈርሳል። ላቡን የሚያፈሰው ለማን እንደሆነ ያሰበ አልነበረም።

ዛፉ ሥር ማሽኑ ጮኸ። ጭቃውን በጣቱ ፈለፈለ፤ ቀለበቱ ነው። ሊጣራ አፉን ሲከፍት «ቆራሌው!» ተባለ፣ ሳቁ ፈነዳ፤ ከሳቁም መካከል የትህትናን ሳቅ ሰማ።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር አለ በልቡ። ጨበጠው።

«መክፈቻ ነው» አለና ከረጢቱ ውስጥ ጨመረው።

እታለማሁ መጥታ ፊቱ ቆመች። «አቶ ገላው፣ በማተብዎ ይንገሩን፤ ወርቅ አለ?»

«በማተቤ! ማሽኔ ወርቅ አይስትም። እዚህ የወደቀ ወርቅ የለም።»

ቀኑን ሙሉ ሲስቁበት የዋሉት ሰዎች አሁን ቆራሌውን አመኑት። እታለማሁ ዓብዩን ክንዱን ይዛ ወሰደችው፤ እሱም ዞሮ ሳያይ ሄደ።

ትህትና መኪናው ድረስ ማሽኑን ተሸክማለት መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ ሶሪ። የሳቅኩት እኮ ኔርቨስ ሆኜ፣ ጨንቆኝ ነው፤ አይ ስዌር። አሁን የሚያምነኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ያምኑኛል አይደል?»

ገላው እጁን ወደ ከረጢቱ ሰደደ። አሁን ቢያወጣው ምን ሊባል ነው? በማተቡ ምሏል። ቆራሌው መባልስ ለምዶታል፤ ሌባ መባልን ግን ፈራ። እጁን መለሰ።

«አምንሻለሁ» አላት።

«ጉልበትዎን አሞዎታል። ቆሻሻውን እኔ ልጣልልዎት።»

ከረጢቷን ከወገቡ ፈትቶ ሰጣት። ትህትና የፓርኩን ትልቅ የቆሻሻ በርሜል ከፍታ፣ ከረጢቷን እንደ ነጠላዋ ገልብጣ አራገፈች። ገላው ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ። የትኛው ወርቁ፣ የትኛው መክፈቻው እንደሆነ ሊለየው አልቻለም።