የቦርጎሌ በርኮታ

ጠንቋይ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የጂንካ ሰው ግማሹ “ትርፌ በሬዲዮ ጠንቋይ ታመጣብናለች” እያለ ሲያማኝ ነው የከረመው። ቦርጎሌ አስማተኛ ነው። እሱም ቢሆን በዓለም ላይ የለም፤ ገበያው ጥግ ሳልባጅ እየሸጥኩ፣ ገዢ ሲጠፋ ደብተር ላይ የፈጠርኩት ሰውዬ ነው። ስሙን እንኳ ከማንም አልወሰድኩም። የሐመር ስም ብሰጠው አሪው ሊቀየመኝ፣ የአሪ ብሰጠው በናው ሊቀየመኝ፤ የማንም ያልሆነ ስም ሰጠሁትና ተገላገልኩ።

ታሪኩ ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማችን ሬዲዮ ይተላለፋል። ቦርጎሌ በትር የለው፣ ቀለበት የለው፤ ንብረቱ አንድ በርኮታ ብቻ ናት። በርኮታ ያው የቆላ ወንዶች ይዘዋት የሚዞሩት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ናት፤ ሲቀመጡ ወንበር፣ ጋደም ሲሉ ትራስ። የሱ ግን ውሃ መንገድ ላይ አድርጎ ከተቀመጠባት፣ እስኪነሳ ድረስ ጎርፍ አያልፍም። ይህን የጻፍኩ ቀን እጄን በቆረጠው!

የቦርጎሌን ድምፅ የሚሠራው ዶላሞ የሚባል የሐመር ልጅ ነው፤ በርኮታዋም የራሱ ናት። ስቱዲዮ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ጧ! ሲያደርጋት፣ ቦርጎሌ ተቀመጠ ማለት ነው። በሳምንቱ መሃል እኔ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች፤ ልጆች እየመጡ ይነካኳታል።

ከሁሉም የምትብሰው ሩሃማ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቤታቸው ከሱቄ ጀርባ ነው። እናቷ ኤልሳ አጥባቂ ጴንጤ ናት፤ ፕሮግራሙን ከልክላታለች። ልጅቷ ታዲያ ቅዳሜ ሲሆን ሹልክ ብላ ትመጣና ከኮት ክምሩ ኋላ ተደብቃ ትሰማለች። እኔስ? ዝም። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ጂንካ ላይ ግን ጠብ አላለም። ኤልሳ እያለከለከች ሱቄ ገባች።

“እትዬ ትርፌ፣ ሩሃማ አንቺ ጋ ናት?”

“ኧረ የለችም። ከትምህርት ቤት አልወጣችም እንዴ?”

“ወጥታለች። ቦርሳዋን ደጃፍ ላይ ጥላ ጠፍታለች።”

ዞር ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። በርኮታዋ የለችም። 

“ኤልሳ፣ ባልሽ አሸዋውን አንስቷል?”

እዩኤል፣ የሩሃማ አባት፣ ከወንዙ አሸዋ እየቆፈረ በመሸጥ ነው የሚኖረው። የአንድ ወር ሙሉ አሸዋ እዚያው ወንዙ ውስጥ፣ ደረቁ ቦታ ላይ ከምሮ መኪና ይጠብቅ ነበር።

“አላነሳም። መኪና ፍለጋ ሄዷል” አለች። “ጠዋት ሩሃማን ፀጉሯን እየሠራኋት፣ ‘ዛሬ ደጋው ላይ ከዘነበ አለቀልኝ’ ሲል…” ቃሉን አልጨረሰችውም። ነገሩ ለሁለታችንም ገባን። ሱቄን ሳልዘጋ፣ እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጥኩ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ አየናት። መሃል ላይ፣ ውሃው ገና ባልነካው ደረቅ ቦታ፣ ከአባቷ የአሸዋ ክምር ፊት ለፊት፣ በርኮታዋ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ውሃው ወደሚመጣበት ወደ ላይ ታያለች። ወንዙ ገና ከጉልበት አይበልጥም፤ ግን ደፍርሷል፤ ቅጠልና ጭራሮም ይዞ መውረድ ጀምሯል። ይህ ምን እንደሆነ የጂንካ ሰው ያውቃል። ዋናው ከኋላ እየመጣ ነው ማለት ነው።

ክፋቱ ደግሞ ጉድጓዱ ነው። አሸዋ የሚያወጡት ሰዎች የቆፈሩትን መልሰው አይደፍኑም፤ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ከውሃው ሥር ይቀራል። ከላይ ስታየው ሁሉም ያው ቡናማ ውሃ ነው። የቱ ጋ እንደሚረገጥ እዩኤል ያውቃል፤ ምሳ የምታደርስለት ሩሃማም ታውቃለች። እኛ ምን እናውቃለን! ኤልሳ ዘላ ገባች፤ በሁለተኛው እርምጃ እስከ ደረቷ ሰመጠች። በነጠላዋ ጎትቼ አወጣኋት።

“ሩሃማ! ነይ ውጪ!”

“አልመጣም! ከተነሳሁ ውሃው የአባዬን አሸዋ ይወስደዋል!”

ኤልሳ ወደ እኔ ዞረች። “ጠንቋይሽ ልጄን በላት!” አለች። ያን ሰዓት አስማተኛ ነው ብዬ አልተከራከርኩም።

ዶላሞ ጋ ደወልኩ። ቱርሚ ከተማ ነበር፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በሦስተኛው ተነሳ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም፤ “ድምፁን ጨምሪው” አለና ያን ወፍራም የቦርጎሌን ድምፅ ለቀቀው። ስልኩን ወደ ወንዙ ዘረጋሁት።

“ሩሃማ! እኔ ቦርጎሌ ነኝ! ውሃው እንዲያልፍ ፈቅጃለሁ! ተነሺ!”

ልጅቷ ደንገጥ ብላ ቀና አለች። ልትነሳ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ጮኸች።

“አንተ አስመሳዩ ነህ! አላምንህም!”

ወይ እኔ! አስመሳዩንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በስድስተኛው ክፍል የቦርጎሌ ጠላት የሱን ድምፅ አስመስሎ መጣና በርኮታዋ ላይ የተቀመጠውን ዘበኛ አስነሳው፤ መንደሩ በጎርፍ ጠፋ። “ድምፅ ሰምታችሁ አትነሱ” ብዬ ነበር የዘጋሁት። በማግስቱ ገበያው ሁሉ “አንቺ ሴት ጉድ ነሽ እኮ” እያለ አመስግኖኝ ነበር።

“ሩሃማዬ፣ ስሚኝ!” አልኩ። “ቦርጎሌ የለም! እኔ ነኝ የፈጠርኩት! ውሸት ነው!”

“አስመሳዩም እንደዚያ ነው ያለው!”

እውነቷን ነው፤ ብሏል። ራሴ ነኝ ያስባልኩት።

ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልፎ የበርኮታዋን እግር ዋጠው። ድልድዩ ላይ የቆሙ ሰዎች ወደ ላይ እያዩ መጮህ ጀመሩ። ጎርፉ ላይኛው ቀበሌ ደርሷል አሉ። ኤልሳ ተንበርክካ ኢየሱስን ትጣራለች። እኔ ደግሞ አፈርኩም ጨነቀኝም፤ በገዛ ደብተሬ ውስጥ የምትወጣበት ቀዳዳ እፈልግ ነበር። አራተኛው ክፍል ትዝ አለኝ። ቦርጎሌ ሲርበው እህቱ ተክታው ትቀመጣለች።

“ሩሃማ፣ ልተካሽ?”

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዞረች። ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል።

“ትቀመጫለሽ?”

“እቀመጣለሁ። አንቺ ሂጂና እናትሽ ጋ ሙቂ።”

ትንሽ አሰበች። “በግራ በኩል ግቢ” አለችኝ። “ድንጋዩን ርገጪው። አሁን ሦስት እርምጃ ወደኔ። ቁሚ! እዚያ ጋ ትልቁ ጉድጓድ አለ። ዙሪው።” እንዳልሰምጥ ተሳቅቃ፣ አንገቷን አስግጋ ነበር የምትመራኝ። የነገረችኝን ሁሉ በልቤ ያዝኩ፤ የምመለስበት ነዋ።

አጠገቧ ስደርስ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። ወዲያው ገባት።

“ብትጎትቺኝ ወደዚያ እሸሻለሁ” አለች። ከኋላዋ ውሃው እየተሽከረከረ ነበር። እዚያም ጉድጓድ መኖሩን ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለገኝም። እጄን ሰበሰብኩ።

“በርኮታዋ ባዶ መሆን የለባትም” አለች። “ግማሿ ላይ ተቀመጪ፣ እኔ ቀስ ብዬ እነሳለሁ።”

ተቀመጥኩ። አንድ መዳፍ የምታክል እንጨት ላይ ሁለታችን ትከሻ ለትከሻ ተጣበቅን። እንደ ወፍ ጫጩት ትንቀጠቀጣለች። ተነሺልኝ፣ ተነሺልኝ እያልኩ በሆዴ እለምናለሁ።

“መጀመሪያ ማይልኝ። እንዳትነሺ።”

“በቦርጎሌ ስም፣ አልነሳም።”

“እንደሱ አይደለም” አለች። “በእግዚአብሔር ማይልኝ።”

አየኋት። ልጅቷ የትኛው መሐላ እንደሚያስር ከኔ ይልቅ ታውቃለች።

“በእግዚአብሔር ስም፣ አልነሳም” አልኩ። ውሸቴን ነበር፤ እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። እሷ ግን አመነችኝ።

ተነሳች። በሄደችበት ሁሉ እግሯን በዓይኔ ተከተልኩ። ትልቁን ጉድጓድ ዞረች፣ ሦስቱን እርምጃ ሄደች፣ ድንጋዩ ላይ ወጣች። አንዴ ተንሸራተተችና ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ኤልሳ ውሃው ውስጥ ገብታ ክንዷን ጨበጠቻት። የዚያን ጊዜ ከላይ በኩል ድምፁ መጣ። የጭነት መኪና ጠጠር ሲገለብጥ ያለውን ድምፅ ይመስላል፤ ግን አያባራም። ዞር ብዬ ሳይ ግንድ ያዘለ ውሃ ከመታጠፊያው ብቅ ብሏል።

ተነሳሁ። ምን ላድርግ! ተነስቼ ሮጥኩ።

“እትዬ ትርፌ!” ብላ ጮኸች ሩሃማ። እናቷ ወገቧን ይዛታለች፤ እሷ ትንፈራገጣለች። “ተቀመጪ! ምለሻል እኮ! ተቀመጪ!”

ትልቁን ጉድጓድ ዞርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩ። ድንጋዩን ስፈልግ እግሬ ባዶ ረገጠና እስከ አንገቴ ገባሁ። ቡናማ ውሃ በአፌም በአፍንጫዬም ሞላ። በቃ ሞትኩ ስል ሻሼን ከነፀጉሬ ጨምድዶ የሚጎትተኝ እጅ መጣ። እዩኤል ነው። ከየት እንደደረሰ አላውቅም፤ የጭነት መኪናው ሞተር ሳይጠፋ ዳገቱ ላይ ቆሞ ነበር። እየጎተተ ዳር አወጣኝና ሁላችንም ወደ ላይ ስንንፏቀቅ ጎርፉ ከሥራችን አለፈ። የዶላሞን በርኮታ ሲወስዳት እንኳ አላየሁም። አሸዋው ግን ሲሄድ አየን። የወር ልፋት ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልቆመም።

እዩኤል ክምሩ ወደነበረበት አንዴ ብቻ አየ። ከዚያ ልጁን ሳማት፣ እኔንም ግንባሬን ሳመኝ፣ “ተመስገን፣ ተመስገን” ብቻ ይላል። ኤልሳ አንዴ ሩሃማን ታቅፋለች፣ አንዴ በጥፊ ትላታለች፣ መልሳ ታቅፋለች። ልጅቷ ሁለቱንም አታያቸውም። የምታየው እኔን ነው።

“ተነሳሽ” አለችኝ።

“ሩሃማዬ…”

“ሳትነሺ ገና አልመጣም ነበር። ስትነሺ መጣ።”

ኤልሳ ክንዴን ያዘችኝ። “ንገሪያት” አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም፤ ልመና ነበር። “ነገም ሄዳ ትቀመጣለች እኮ። አንቺው ንገሪያት።”

ተንበርክኬ ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩ። 

“ብቀመጥም አይቆምም ነበር” አልኳት። “አሸዋውንም እኔንም ይዞ ይሄድ ነበር። አንቺንም ይወስድሽ ነበር። በርኮታዋ እንጨት ናት። ሌላ ምንም የላትም።”

“እውነትሽን ነው?”

በእግዚአብሔር ስም ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ምን አፍ አለኝ? “እውነቴን ነው” አልኩ።

ብዙ አየችኝ። ከዚያ አመነችኝ፤ ስታምነኝ ፊቷ ላይ ታየኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ውሃ መሃል ስትቀመጥ ያላለቀሰች ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

“አምና ጎርፍ ቤታችን ሲገባ ሱቅሽ መጥቼ ጠይቄሽ ነበር እኮ” አለች በሳግ። “‘እትዬ ትርፌ፣ እውነት ይቆማል?’ ስልሽ ‘እንዴታ!’ አልሽኝ። ለምን እንደዚያ አልሽኝ?”

ጠይቃኝ ነበር። አንድ ሰውዬ ሱሪ እያማረጠ፣ እኔ ከሱ ጋር ዋጋ እየተከራከርኩ፣ ፊቷን እንኳ ሳላይ ነበር የመለስኩላት። አሁን ፊቷ እጄ ውስጥ ነው፤ መልስ ትጠብቃለች።  ቆይታ ቆይታ ፊቷን ከእጄ አወጣችና ከእናቷ ጋር ወደ ቤት ሄደች።