ባለመኪናው ያንብብ

ጋራዤ ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈች አንዲት ሕግ አለችኝ፦ «ባለመኪናው ያንብብ።» የማንንም መኪና ሠርቼ ስጨርስ ባለቤቱ መሪው ፊት ይቀመጥና ስክሪኑ ላይ ያለውን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ከዚያ ይሄዳል። ሕጓን ያወጣኋት ጭቅጭቅ ሰልችቶኝ ነው። «አንቺ ከነካካሽው ወዲህ ይሄ መብራት በራብኝ» ብሎ በማግስቱ የሚመጣ ደንበኛ ያላጋጠመው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ካለ፣ ሰውዬው ሥራ የለውም ማለት ነው። ዳኛ ይምጣ ሚኒስትር፣ ሳያነብ ከእኔ በር አይወጣም።

ወንድሜም ቢሆን ያው ነው። ታላቄ ነው፤ አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ ሾፌር ሆኖ ያሳደገኝ፣ መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው። አሁን በኤሌክትሪክ መኪናው የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ያመላልሳል። የእኔም ልጅ ከእነሱ ጋር ናት። ሲበዛ ትንሽ ስለነበረች ሚጢ አልናት፣ እንደዚያው ቀረ። ከኋላ ተቀመጪ ብዬ ብለፈልፍም የፊተኛው ወንበር ላይ ዘላ ጉብ ነው። እሱ ደግሞ «ተያት እባክሽ፣ ታጫውተኛለች» ይለኛል። የሁለቱ ፍቅር ለእኔ ቦታ የለውም።

አንድ ቀን መጣና «እታለም፣ መሪው ላይ ቁልፍ ግጠሚልኝ» አለኝ።

ጥያቄው ልክ ነበር። ያን መኪና የሠራውን ሰው ባገኘው እኔ ራሴ የምነግረው አለኝ። መኪናው ከቁጠባ ወደ መደበኛ፣ ከመደበኛ ወደ ፍጥነት የሚቀየረው ስክሪኑን በጣት እየነካኩ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ አንዱን ገጽ ትከፍታለህ፣ ከዚያ ሌላውን ትፈልጋለህ። ዳገት መሀል ላይ፣ ከኋላህ ክላክስ እየተነፋብህ ገጽ ግለጥ! መጽሐፍ ነው እንዴ? መሪው ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ ቁልፎች ግን አሉ። በግጭት ጊዜ ከመሪው ላይ ከሚነፋው ከረጢት፣ ከኤርባጉ ጀርባ አንዲት ትንሽ ሣጥን ይደብቁና ሽቦዋን ያገናኙታል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር በአውራ ጣት ነው።

እኔ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን እንደ ሙሽራ ልብስ ያስለካኝ ጀመር።

«የፍጥነቷ መሀሏ ላይ ጉብ ትበል። የመደበኛዋ ልሙጥ ትሁን። የቁጠባዋ ደግሞ ሻከር ትበልልኝ።»

«ቀለማቸውስ?»

«ቀለሙ የፈለገውን ይሁን።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሞልቃቃ ሆነሃል በስተርጅና! ቀለም የማይመርጥ፣ ሻካራ የሚመርጥ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

«ሾፌር ዓይኑን ከመንገድ አያነሳም። ያስተማርኩሽን ረሳሽው?» አለኝ ቆጣ ብሎ።

ኮራሁበት። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ ልጄን የሰጠሁት እንዲህ ለሚጠነቀቅ ሰው ነው። ስለዚህ ተጨነቅኩባቸው። በአንዷ ላይ የሙጫ ጠብታ አድርቄ ጉብታ ሠራሁላት፤ አንዷን በቀጭን ሞረድ አለሰለስኳት፤ በሦስተኛዋ ላይ ብርጭቆ ወረቀት በቁራጭ ለጠፍኩባት። ዓይኔን ጨፍኜ እየዳሰስኩ ሞከርኳቸው። አንዷ ከሌላዋ አትምታታም።

በቀጠሯችን ቀን ሌሎቹን ልጆች በየቤታቸው አድርሶ ከሚጢ ጋር ከሰዓት በኋላ መጣ። ትንሿን ባትሪ ፈታሁ፣ ኤርባጉ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ኤርባጉን ከመሪው አላቅቄ ቢጫዋን ሶኬት ነቀልኩ። ጋሼ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሚጢ ከኋላ ወንበር ሆና እግሯን ታወናጭፋለች። የግራው ስፖኪዮ እንደ ድመት ጭረት ተፈቅፍቋል።

«ይሄን ደግሞ ምን አገኘው?»

«ግድግዳ መጣብኝ።»

«ግድግዳው መንጃ ፈቃድ ነበረው?»

ሦስታችንም ሳቅን። እየሳቅሁ ሽቦውን አሳለፍኩ፣ ቁልፎቹን አሰርኩ፣ ኤርባጉን መለስኩ፣ ባትሪውንም አገናኘሁ። ቢጫዋ ሶኬት ስትገባ ቀጭ ማለት አለባት። በሳቁ መሀል ድምፅዋን አላዳመጥኩም።

ጋሼ ገብቶ መኪናውን አስነሳ። አውራ ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ሄደ። ጉብ ያለችውን ዳሰሰ፣ ልሙጧን ዳሰሰ፣ የምትሻክረዋ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ። እንደዚያ ሲደሰት ካየሁት ቆይቻለሁ።

«እጅሽ ይባረክ! አሁን ማንም አያስቆመኝም» አለ።

«ገና ነው፤ አንብብ።»

«እኔንም?»

«ሕግ ሕግ ነው።»

በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን ሳይ ደነገጥኩ። መሀሉ ላይ ቀይ ሣጥን ወጥቷል። ውስጡ በወፋፍራም ፊደል «የኤርባግ ብልሽት! መኪናውን አያንቀሳቅሱ» ይላል። ቢጫዋ ሶኬት! በጠራራ ፀሐይ ተዋረድኩ፤ ጋሼ በዚህች ብቻ ዓመት ሙሉ ይስቅብኛል አልኩና ፌዙን መጠበቅ ጀመርኩ።

ጋሼ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባትሪ ሰማንያ... መደበኛ ላይ ነው... በሮቹ ተዘግተዋል... ማስጠንቀቂያ የለም። ንጹሕ ነው።»

ሳቄ መጣ። «በቃ አውቄዋለሁ፣ ስህተቴን አይቼዋለሁ፣ አታሹፍብኝ።»

«የምን ሹፈት?» አለና ወደ እኔ ዞረ። የዞረው ግን ወደ ፊቴ አልነበረም። ጆሮዬን ነበር የሚያየው።

ክው አልኩ። ሳቁ አፌ ውስጥ እንዳለ ደረቀ።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ መሀል ያለው ነገር ቀለሙ ምንድን ነው?»

እጁ መሪውን ጨበጠ።

ከኋላ ሚጢ ብድግ ብላ ጮኸች፦ «ቀይ! ቀይ ነው አጎቴ! አንድ ነጥብ ለእኔ!»

«የምን ነጥብ?» አልኳት።

«ጨዋታችን ነዋ እማዬ! የትራፊክ መብራቱን ቀለም ቀድሞ ያየ አንድ ነጥብ። ሰው ሲሻገር ደግሞ ሁለት ነው። አጎቴ ግን አይችልም፤ ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነኝ!»

የመኪናውን በር ይዤ ቆምኩ። ልጄ በየጠዋቱ በዚያ ወንበር ላይ ጉብ የምትለው ልትጫወት መስሎኝ ነበር። ለካ ሾፌሯ እሷ ኖራለች! የሰው ሁሉ ልጅ ከኋላ ተጭኖ፣ የአንዲት ፍሬ ልጅ ዓይን ሲነዳው ከርሟል። እኔም በገዛ እጄ፣ በሞረድና በሙጫ፣ ስክሪን ለማያይ ሰው በዳበሳ የሚነዳበትን ሠርቼ ሰጠሁት። ሰሞኑን በስልክ «አትጻፊልኝ፣ ደውይልኝ» ማለቱ፣ ስፖኪዮው፣ ቀለም አለመምረጡ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ራሴ ላይ ወረደ።

ሚጢን ውጪ ካለው ቧንቧ እጅሽን ታጠቢ ብዬ ላክኋት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጎን ለጎኑን እኮ አያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የጠፋኝ መሀሉ ነው። አንቺን ሳይሽ ጆሮሽ አለ፤ ፊትሽ የለም።»

«ሐኪምስ?»

«ሄጃለሁ። መሪ አትያዝ አለኝ።»

«እና?»

«መሪ ካልያዝኩ እኔ ምንድን ነኝ እታለም?»

ጮህኩበት። ያሳደገኝን ሰው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌበት የማላውቀውን ሰው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። «ልጄን ጋሼ! ልጄን! የሰውን ልጆች!»

«ለእነሱ ነፍሴን እሰጣለሁ!»

«ነፍስህን ማን ጠየቀህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ቢያንስ ለእኔ፣ ለእኔ እንኳ እንዴት አትነግረኝም?»

ትከሻው ወረደ። ከኪሱ እንደ ቁልፍ የሚያገለግለውን የመኪናውን ካርድ አወጣና ዘረጋልኝ። የዘረጋው ማንም ወደሌለበት ነበር። ያኔ ንዴቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ፣ አለቀስኩ። ካርዱን ብቻ ሳይሆን እጁንም አብሬ ያዝኩት።

ባትሪውን እንደገና ፈትቼ፣ ጠብቄ፣ ቢጫዋን ሶኬት ቀጭ እስክትል ገፋኋት። ከዚያ መሪው ፊት ራሴ ተቀመጥኩ። የሚወስደው ሰው እኔ ስለነበርኩ አነበብኩ። «በሮቹ ተዘግተዋል። መደበኛ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያ የለም።» ባትሪው ግን ጋሼ በግምት ሰማንያ ያለው ለካ ከሃያ በታች ነበር።

ወደ ቤቱ ጉዞ ጀመርን። ጋሼ ከጎኔ ነው። ሚጢ ወንበሯን ተቀምታ ከኋላ አኩርፋለች። ነገ የልጆቹ ወላጆች ጋ በየበሩ አብሬው እንደምሄድ ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ዳገቱ ጋ ስንደርስ መኪናው ተንፈራገጠ።

«ጉብ ያለችውን» አለኝ በሹክሹክታ።

አውራ ጣቴ ሳላይ አገኘቻት። መኪናው ዳገቱን ወጣ።

«ጥሩ አድርገሽ ሠርተሻቸዋል» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ዳገቱን ጨርሰን መስቀለኛ መንገዱ ጋ ስንቃረብ ሚጢ ኩርፊያዋን ረሳችና ከኋላ «ቀይ!» ብላ ጮኸች። እኔ ፍሬኑን ከመንካቴ በፊት የጋሼ እግር ተወርውሮ ወለሉን ረገጠ። ምንም ፍሬን የሌለበትን ባዶ ወለል፣ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ረግጦ ያዘ። ሚጢ «አረንጓዴ» እስክትል አላነሳውም።